አባቴ የቆጠሩት ሰባት ቤት

አባቴ ሳህሌ ዘገየ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አትላንታ ውስጥ ልጁን ሊድር ያሰበ የኛ ሰው አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት ወደ እሳቸው ይደውላል። አባባ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ የጋራ አያት እንደሌላቸው መረጋገጥ አለበት፤ ካላቸው ዘመዳሞች ናቸው፣ ዘመድ ከዘመድ ደግሞ አይጋባም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከአያቱ ስም በላይ ሲጠይቁት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስለዚህ አባባ ፓይን ሌክ ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው፣ ደብረ ብርሃንም ዳላስም ያሉ አዛውንቶችን እያፋጠጡ ይቆጥሩለታል።

በሱዳን በኩል ተሰደው ነው እዚህ የደረሱት። አስራ ስምንት ዓመት ኤርፖርቱ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቲኬት ተቀብለዋል። መኪና በማይመጣበት ሰዓት የሰው ትውልድ በደብተር ይጽፉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጡት አንድ የግድግዳ ሰዓትና አስራ አንድ ደብተር ነው።

በቆጠራ ላይ ምሕረት አያውቁም። የዛሬ አስር ዓመት ኤልዳና የምትባል ልጅ ቀለበት ካሰረች በኋላ ሰባተኛው ላይ ከእጮኛዋ ጋር ተገናኙና አባባ ሠርጉን አስቀሩት። ልጅቷ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስታገኛቸው ፊቷን ታዞራለች። «ሰባተኛ እኮ ነው አባባ፣ ጫፍ ላይ ነው» ብዬ ነበር ያኔ። «ጫፍም ቤት ነው» አሉኝ።

እኔ ሉሊት ነኝ፣ ብቸኛ ልጃቸው። ስቶን ማውንቴን እኖራለሁ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶች እንከባከባለሁ። ቁጣዬ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል ይሉኛል። መምጣቱን እኔም አልክድም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ራኬብ ልታገባ ነው አለችኝ። ልጁ ቃለአብ ይባላል፣ ሆስፒታል ውስጥ የኤክስሬይ ባለሙያ ነው፣ ትሑት ነው፣ ጫማውን ሳይነገረው በር ላይ ያወልቃል። አባቱ ዳላስ ስለሚኖር የልጁን ጉዳይ የያዙት አያቱ አቶ መክብብ ናቸው። እሳቸው ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዱሉዝ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ የሚሳለሙት እዚያው ቅርባቸው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከአባባ ጋር ተያይተው አያውቁም ነበር።

የሽማግሌው ቀን ቅዳሜ ነበር። አቶ መክብብ ሦስት ሰዎች አስከትለው ቤታችን መጡ፣ እንደ ወጉ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ባሌ ተስፋዬ ጎንደሬ ስለሆነ በእሱ በኩል ቆጠራው በአምስት ደቂቃ አለቀ። የእኔ ወገን ተራ ደረሰና አባባ መነጽራቸውን አድርገው ጠየቁ።

«አገርዎ ወዴት ነው?»

«መንዝ። ዋሻ አምባ ሚካኤል።»

አባባ ደብተሩ ላይ ብዕራቸውን አቆሙ። «የማን ልጅ ነዎት?»

«የአስፋው ተክሌ። ተክሌ የአጋፋሪ እንግዳ ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ያናድደኛልም ያስቀኛልም። አባባ ፊታቸው ነጣ። አቶ መክብብ ግን ጠጋ ብለው አዩዋቸውና «አንተ! የዘገየ ወልዴ ልጅ ነህ እንዴ? ዲያቆኑ?» ብለው ጮኹ። ዘገየ የአባባ አባት ናቸው። የዘገየ አባት ወልዴ ይባላል፣ ወልዴ ደግሞ የአጋፋሪ እንግዳ ልጅ ነው ተብሎ ነው በቤታችን የሚቆጠረው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ቆሙ። አቶ መክብብ እንባቸውን እየጠረጉ «የተካሰስን ዘመዳሞች! አባቴና አባቱ በርስት ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ!» ይላሉ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች ያጨበጭባሉ። በኩሽናው በር የቆመችው ራኬብ ደግሞ በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር። ራኬብ፣ ሉሊት፣ ሳህሌ፣ ዘገየ፣ ወልዴ፣ እንግዳ። ስድስት። በቃለአብም በኩል ስድስት።

«ዘመድ ነን» አሉ አባባ ቁጭ ብለው። «አይሆንም።»

አቶ መክብብም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። እግዜር ግን ወንድም ሰጠኝ።» ያን ዕለት የተዘጋጀው ምግብ ተበላ። ሙሽራ ሊያጩ መጥተው ዘመድ አግኝተው ሄዱ።

ራኬብ ለሦስት ቀን አላናገረችንም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሎን ጠበቀችኝ።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ሲክስ ጀነሬሽን! ላይክ፣ ቴስት አድርገናል እኮ እኔና ቃለአብ። ዲኤንኤው ዜሮ ነው የሚለው። ሪሌትድ አይደለንም።»

ወረቀቱን ይዤ አባባ ጋ ሄድኩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ምራቅ ትውልድ አይቆጥርም» አሉኝ። ራኬብ ያለ አባባ ምርቃት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ እሳቸው ናቸው በእጃቸው ያሳደጓት፣ እኔ ሁለት ሥራ ስሠራ ከትምህርት ቤት የሚያመጧት። ሲቲ ሆል ሄዳችሁ ፈርሙ ብላት «አያቴ ሳይመርቀኝ? ኖ» አለችኝ። እንግዲህ የልጄ ትዳር በአንድ በሞተ አጋፋሪ እጅ ወደቀ።

አቶ መክብብ በየቅዳሜው አባባ ጋ መምጣት ጀመሩ። ቃለአብ ዓይኑ ቀልቶ ያደርሳቸዋል፣ መኪና ውስጥ ይጠብቃቸዋል። አባባን «ወንድም ጋሼ» ነው የሚሏቸው፤ አባባ በሦስት ዓመት ይበልጧቸዋል። ብርቱካን ያመጣሉ፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ወሰዱ አልወሰዱ ይጠይቃሉ፣ ጓሮው ውስጥ የወደቀውን አጥር አብረው አቆሙ። አባባ ግን ሰው እንዳገኘ ሰው አልሆኑም። ከሱ፣ ነገር ማድመጥ አቆሙ። ስልካቸው ሲጮኽ አያነሱም። ሰው ሠርግ እየደረሰበት ቆጣሪ አጥቶ እኔ ጋ ይደውላል።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ሳቀርብ አቶ መክብብ የድሮ ወሬ ይዘዋል። የቃለአብ ወገን ከእንግዳ የመጀመሪያ ሚስት ነው፤ እሷ ሞታ ነው የአባባን ቅድመ አያት የሺመቤትን ያገባው። በእኛ ቤት ሲወራ እንግዳና የሺመቤት በትዳራቸው ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ትንሽ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ስጣላ እንኳ «እንደ የሺመቤት ቻይ ሁኚ» ይሉኝ ነበር።

«የሺመቤት እኮ ሦስት ጊዜ ጥላው ሄዳለች» አሉ አቶ መክብብ እየሳቁ። «አያቴ ትነግረን ነበር። አንዴማ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ ቤት...»

«ተው መክብብ» አሉ አባባ። «የሞተ ሰው ትዳር ምን ያደርግልሃል?»

ቃላቸው የቁጣ አልነበረም። የፍርሃት ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አዛውንት ስንከባከብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሽማግሌ ሲፈራ አውቃለሁ። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁና መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ቃለአብን መስኮቱን አንኳኳሁበት። «ዋሻ አምባ የምታውቀው ሰው አለ?» አልኩት።

ነበረው። የአባቱ የአክስት ልጅ እዚያው አገር መምህር ነው። በአገራችን ደብሮች ትልቅ የወንጌል መጽሐፍ ይኖራል፤ በባዶ ቅጠሉና በዳርቻው ላይ የአገሬው ውል ይጻፍበታል፤ ርስት የተካፈለ፣ የተጣላ የታረቀ፣ የተጋባ የተፋታ። ጽሕፈት ቤት ባልነበረበት ዘመን ውል የሚቀመጠው እዚያ ነበር። መምህሩ የደብሩን ቄሰ ገበዝ ለምኖ አስፈቅዶ፣ ቅጠል በቅጠል በስልኩ ፎቶ አነሳና በቴሌግራም ላከልን። አርባ ሦስት ፎቶ። ግማሹ ላይ የገበዙ አውራ ጣት አለ።

ጽሕፈቱ ግን አልነበብ አለኝ። ፊደሉ የተጣበቀ፣ ቀለሙ የሸሸ ነው። አባባን እንዳልጠይቅ ከእሳቸው ነው የምደብቀው። ስለዚህ መምህር ተገኝ ጋ ሄድኩ። መምህር ተገኝ በእሑድ ድጓ የሚያስተምር፣ በቀረው ቀን በመኪናው ሰው የሚያመላልስ ነው። ከሁለት ደንበኛ መሐል፣ ስቶን ማውንቴን አንድ ሱቅ ደጅ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ አይፓዴን መሪው ላይ አስደግፎ ያነብልኝ ጀመር። ስልኩ ጥሪ ባመጣ ቁጥር «ቆይ ይቺ አጭር ናት» እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አራት ቀን ፈጀብን።

መጀመሪያ ያገኘነው ጋብቻቸውን ነው። እንግዳና የሺመቤት በሰማንያ ተጋቡ፣ ዋሶቻቸው እነ እገሌ። ቀጥሎ ያለው ከሦስት ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው፤ የሺመቤት በቅሎ ጭና ወደ አባቷ ሄደች፣ ሽማግሌ መልሷት እንግዳ «ዳግመኛ እጄን አላነሳባትም» ብሎ ዋስ ጠራ። ገጹን ስንገለብጥ ሌላ አለ። እጁን አንስቷል። ጥርሷን ሰብሯል። ዋሱ ተቀጥቷል፣ እሷ ተመልሳለች። መምህር ተገኝ ሲያነብልኝ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። ቻይ ሁኚ የተባልኩባት ሴት ይህቺ ናት። በሕይወቷ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አመመሽ ወይ? ደምሽን ማን አጠበልሽ?

ሦስተኛውን ሲያነብ መምህር ተገኝ የመኪናውን ሞተር አጠፋው። ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያስከተለ አነበበ።

«በዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በዘመነ ማርቆስ። እንግዳ ሚስቱን የሺመቤትን መለሰ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በአባቷ ቤት ኖራለች። በሆዷ ያለው ልጅ ከእኔ አይደለም፣ ከቤቴ ይደግ፣ ከርስቴ ግን አይካፈል አለ። የሺመቤትም እውነት ነው አለች። ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን።»

ከዚያ በታች የልጁ ክርስትና አለ፤ ወልዴ፣ የየሺመቤት ልጅ። ከእሱ በኋላ የሺመቤት ሌላ አልወለደችም።

«እንግዲህ» አለ መምህር ተገኝ፣ «እናንተ ከእንግዳ አትወለዱም። ልጆቹ ዘመድ አይደሉም።» ከዚያ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነው እንግዲህ» አለ። ሲወርድ ሲዋረድ የሰማሁት ተረት ነው፣ ያን ቀን ግን ብድግ ብዬ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

በቀጥታ አባባ ጋ ነዳሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። ትንሽ እንደሚከፋቸው አውቃለሁ፤ ሰው በሰማንያ ዓመቱ ከአጋፋሪ ዘር ወርዶ አባቱ ያልታወቀ ሲባል ደስ አይለውም። ግን ለራኬብ ሲሉ ይውጡታል ብዬ ነው። አይፓዱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አላደረጉም።

«አያነቡትም?» አልኳቸው።

«አንብቤዋለሁ» አሉኝ።

«መቼ?»

«አስራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ።»

እንዲህ ነው የነገሩኝ። አባታቸው ዘገየ የአጎታቸውን ልጅ አስፋውን፣ ማለትም የአቶ መክብብን አባት፣ የእንግዳን ርስት እኩሌታ አካፍለኝ ብለው ከሰሱ። የአስፋው ወገን ወልዴ የእንግዳ ልጅ አይደለም የሚል ጭምጭምታ አነሳ። ዳኛው ወንጌሉ ይታይ አለ። ወንጌሉ ወጣ፣ አገር ተሰበሰበ። ቄሰ ገበዙ ዓይናቸው ፈዟል። የደብሩ ዲያቆን፣ ያን የድሮ ጽሕፈት የሚያነብ ብቸኛ ልጅ፣ አባባ ነበሩ። ሁለቱም ወገን በእሳቸው ተስማማ፤ ልጅ ነው፣ ዲያቆን ነው፣ አይዋሽም ብለው።

«በዓይኔ ጨረስኩት» አሉኝ። «ቀና ስል አባቴ ከፊት ቆሟል። ነጭ ለብሷል። እሱ አያውቅም ነበር ልጄ፤ የእንግዳ የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ አምኖ ኖሮ አምኖ ነው የሞተው። ያን ሁሉ ሰው ባለበት፣ አባትህ የሰው ዲቃላ ነው ብዬ ላንብብበት? ስለ ወልዴ የተጻፈ የለም አልኩ። መጽሐፉን ከደንኩት።»

ዘገየ ረቱ። አስፋው እኩሌታውን ርስት ከነቤቱ አጡና ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወረዱ። አባባ በዓመቱ ዲቁናቸውን ተዉ።

ቁጣዬ መጣ። «ታዲያ ያን ዕለት መክብብ ፊትዎ ተቀምጠው ዘመድ ነን ብለው የቆጠሩት እያወቁ ነው? ልጄ ስታለቅስ እያወቁ ነው? ኤልዳናን አስቀርተው፣ ጫፍም ቤት ነው ብለው፣ ሰውን ሁሉ...»

«የሰውን በትክክል ልቆጥር ብዬ ነው» አሉ። «ስልሳ ዓመት አንድ ስም አላሳሳትኩም።»

«የራስዎን እንጂ።»

«የራሴን እንጂ።»

ተነሥቼ ቆምኩ። «እኔ ለመክብብ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ወይም እርስዎ ይንገሯቸው። ራኬብ ግን በውሸት አትቀርም።» አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ምን እያመዛዘኑ እንደሆነ ገብቶኛል። በአንድ ወገን የልጅ ልጃቸው አለች። በሌላው አባታቸው አሉ፣ በሐሰት ርስት የበላ ተብለው መቃብር ውስጥ፤ እሳቸው ራሳቸው አሉ፣ በመጽሐፍ ላይ የዋሸ ዲያቆን ተብለው። ይሄ ከተማ ሙሉ በቃላቸው የተጋባ ከተማ ነው።

«ቅዳሜ ይመጣል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ብቻ ተገኚልኝ።»

ቅዳሜ አቶ መክብብ እንደልማዳቸው ብርቱካን ይዘው መጡ። አባባ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ቃለአብንም ከመኪናው አስወረዱት። ራኬብ ከእኔ ጋር ነበረች። አባባ ቁጭ በሉ እንኳ አላሉም፤ ከዳር እስከ ዳር ተናገሩት። ወንጌሉን፣ አባታቸውን፣ ውግዘቱን። ድምፃቸው አልተሰበረም፣ የሰው ትውልድ እንደሚቆጥሩ ነበር የሚናገሩት። ሲጨርሱ ከደረጃው ወረዱ፣ ከአበባው መደብ ዳር ካለው ድንጋይ ሁለት እጅ የሚሞላ መረጡ፣ አንስተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉና ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰውዬ ናቸው። ቃለአብ ሊደግፋቸው ሲሄድ ያዝኩት። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ ልጁ ያንን አይቶ አያውቅም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ አባባ።

አቶ መክብብ ድንጋዩን አዩት። ብርቱካኑን የያዘው ፌስታል እጃቸው ላይ ነው።

«አባቴ የሰው ደጅ ጠባቂ ሆኖ ነው የሞተው» አሉ። «ዘበኛ። እናቴ መሬታችንን እያነሳች ስታለቅስ፣ ተይ፣ ዘመድ ነው የወሰደው፣ ባዳ አልወሰደው ይላት ነበር። በዚያች ቃል ነው የቻልነው። እኔም ባገኘሁህ ጊዜ ያቀፍኩህ በዚያች ቃል ነው። አሁን እሷንም ወሰድካት።»

አባባ አንገታቸውን ደፉ።

«ድንጋዩን ያውርዱት» አሉ አቶ መክብብ። ወንድም ጋሼ አላሏቸውም። አንተ ማለታቸውም ቀረ። ወደ መኪናው ሄዱ። ቃለአብ ራኬብን አንዴ አይቷት ተከተላቸው።

ሦስት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ራኬብ እንዲህ ትለኛለች፣ «አሁን ሪሌትድ አይደለንም፣ አሁን ደግሞ ኢነሚ ነን። ኋት ኢዝ ኔክስት?» ቃለአብ በየቀኑ ይደውልላታል፣ ያለ አያቱ ፈቃድ ግን አይንቀሳቀስም፤ እሱም እንደ እሷ ነው። አባባ ደብተሮቻቸውን ካርቶን ውስጥ አስገብተው በፕላስተር አሸጉ። ኤልዳና ቤት ሄደው በሩን አንኳኩ። ምን እንዳሏትና ምን እንዳለቻቸው አልነገሩኝም፣ ሲመለሱ ግን ውሃ ጠይቀው ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። እኔ አሁንም ተቆጥቻለሁ፣ ግን ምሳ እየወሰድኩላቸው ነው የምቆጣቸው።

በአራተኛው ቅዳሜ የቤታችን ደወል ተደወለ። አቶ መክብብ ናቸው፣ ካፖርት ለብሰው፣ ከኋላቸው እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች። አባባ ምሳ ሊበሉ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል።

አቶ መክብብ በር ላይ ቆሙ፣ አልገቡም። «ያኔ ልጅ ልጠይቅ መጥቼ ዘመድ ሆኜ ተመለስኩ» አሉ። «ዛሬ ባዳ ሆኜ ነው የመጣሁት። አባቴ ባዳ አልወሰደው ብሎ ነው የሞተው፤ ቃሉ ሐሰት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ዘመድ አድርጉን። ልጃችሁን ለልጃችን።»

ባሌ ተስፋዬ ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አላስታውስም። እኔ ኩሽና ገብቼ እያለቀስኩ ነበር። ራኬብ ግን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከሠርጉ በፊት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሁለቱን ወገን ቢሯቸው አስጠርተው ሰባት ቤት አስቆጠሩ፤ ለመዝገብ ነው። የቃለአብን አቶ መክብብ ቆጠሩ፣ እስከ ሰባተኛው ሳይደናቀፉ። ቄሱ ወደ አባባ ዞረው ፈገግ አሉ። ይሄን ቢሮ አባባ ከሳቸው በላይ ያውቁታል።

«እንግዲህ የእርስዎስ አያስቸግረንም» አሏቸው። «ይቀጥሉ።»

አባባ ጀመሩ። «ራኬብ። ሉሊት። ሳህሌ። ዘገየ። ወልዴ።» ከዚያ ቆሙ። ቄሱ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። አቶ መክብብ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ፣ ያን ሁሉ የተቆጣሁት ሴትዮ፣ አንድ ሰው ማንኛውንም ስም በጠራላቸው አልኩ በልቤ።

«ወልዴ ማን?» አሉ ቄሱ።

«ወልዴ የሺመቤት።»

ቄሱ ቀና አሉ። «የሴት ስም ነው እኮ አባባ። የወልዴ አባት ማን ነው ነው የምልዎት።»

«አላውቀውም» አሉ አባቴ። «የማውቀው እሷን ነው። እሷ በአገር ፊት እውነቱን ተናግራለች። እሷን ይጻፉልኝ።»